ያላዞርኩት አልጋ

እኔ ወልዴ እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንግባባ። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ሲወራ ኖሯል፣ እገሌ ቤት ጣራ ላይ ማታ ማታ ድንጋይ ይወረወራል፣ እገሊት ጓሮ የሞተች አማቷ ቆማ ታየች፣ እኔ አንዱንም አልተቀበልኩም፣ ድንጋይ ይወረወርበታል የተባለው ቤት ድረስ ሄጄ፣ መሰላል አስደግፌ ወጥቼ፣ ከጎረቤት ዛፍ የወደቀ አቮካዶ ይዤ የወረድኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጎሚስታነት ነው፣ አስኮ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ስፈታና ስለጥፍ። ጎማ ደግሞ ተንኮል አያውቅም፣ ከተነፈሰ ተበስቷል፣ ቀዳዳው ካልታያችሁ የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ ትነክሩና አረፋ የሚወጣበትን ታያላችሁ፣ አለቀ። ነገርን ሁሉ በዚህ ዓይን ነው የማየው። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኩት ፊደል ነው፣ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ነገሩን ያዙልኝ።

ነገሩ የመጣው በሽንት ቤት ምክንያት ነው። አትሳቁ።

ባለቤቴ ብርቄ ክረምት ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሽንት ቤታችን እንደ ብዙው የኮልፌ አሮጌ ቤት ጓሮ ነው፣ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ደረጃ ወርዶ፣ ጭቃ ረግጦ ነው የሚደረሰው፣ እዚያ ደረጃ ላይ አንሸራተታት። ሐኪም ቤት ብረት አስገቡላት፣ ባለ አራት እግር የብረት መራመጃ አስያዟት፣ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳትሞክሪ አሏት። ልጃችን ፀሐይ አስኮ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ስለምትኖር እሷ ጋ ወሰደቻት፣ ለጥቂት ቀን ነው ብዬ ነበር። ተሻላት ሲሉኝ ላመጣት ሄድኩ።

«ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ካልገባ አልመጣም» አለችኝ።

«ብርቄ፣ ዕድሜያችንን ሙሉ እኮ…»

«ዕድሜዬን ሙሉ በዝናብ ወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ ጓሮህን ከወደድከው ከጓሮህ ጋር ኑር።»

ብርቄ ቀልድ ታውቃለች፣ ያን ቀን ግን አልቀለደችም። ብቻዬን ተመለስኩ። ከተጋባን ጀምሮ ያለ እሷ አድሬ አላውቅም ነበር፣ ሽሮ አሳርሬ በላሁ፣ ሬዲዮኑን ከፍቼ ዘጋሁት፣ አልጋው ላይ በራሴ በኩል ተኛሁና የእሷን በኩል ሳልነካው ነጋ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ እሷን ወደ ቤቷ መመለስ ብቻ።

ወረዳ ሄጄ አንዲት ክፍል ልቀጥል ስላቸው ፕላን አምጣ አሉኝ። የድሮ ጎረቤቴ ልጅ ሜሮን አርክቴክት ሆናለች፣ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ከሱራፌል ጋር ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ በላይ ቢሮ ከፍተዋል፣ እዚያ ሄድኩ። ቢሮ ስላችሁ አንድ ክፍል ነው፣ ጠረጴዛው ሁለት ቢሆንም ጠንካራው ላፕቶፕ አንድ ነው፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ስልክ ይደውላል ወይም ሳይት ይሄዳል፣ ማውዙን እንደ ውሃ ተራ ነው የሚጠባበቁት። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ቤቴ ያለው በዚያች አንዲት ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር፣ ሌላ ሰው ሊነካው የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ሜሮን እንዳስረዳችኝ ድሮ መስመር ነበር የሚሥሉት፣ አሁን ግን ቤቱን ራሱን ነው ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩት። ግድግዳው ጭቃ መሆኑን ያውቃል፣ ውፍረቱን ያውቃል፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት ያውቃል፣ አንድ ሥዕል ላይ መስኮቱን ከነካችሁት በሌላው ሥዕል ሁሉ አብሮ ይነካል።

«ፋዘር፣ እሷን አይስሟት» አለኝ ሱራፌል፣ እግሩን ዘርግቶ ሻይ እየጠጣ፣ «ለአንዲት ሽንት ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃ ነበር። ይሄ እኮ የፎቅ ሶፍትዌር ነው።»

«በእስክሪብቶማ አየንህ» አለችው፣ «ሊፍቱን ደረጃው ላይ የተከልከው ማን ነበር?»

«አንድ ጊዜ ነው! እስክሞት ልታነሺብኝ ነው?»

መጡና ቤቴን ቀይ መብራት በሚተፋ ትንሽ መሣሪያ ለኩ። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ሆኜ አላስቀምጥ አልኳቸው። መኝታ ቤታችን በስተምዕራብ ያለው ግድግዳ ሆድ አለው፣ በየዓመቱ ለበዓል ጭቃ በጭቃ ላይ ስንመርግ ስንመርግ አብጦ የቀረ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ቀጥ አድርጎ ሠራው። ይሄ የኔ ግድግዳ አይደለም፣ ሆዱን አድርጉለት አልኩ። ሜሮን ስቃ እንደምንም አደረገችለት። ቀጥሎ ባዶ ክፍል ስታሳየኝ ቤቴን አጣሁት፣ ዕቃዬን አስገቡልኝ አልኩ፣ አልጋዬን፣ ቡፌውን፣ በርጩማውን፣ ውሃ ሲጠፋ የምንቀዳበትን ሰማያዊ በርሜል ሳይቀር።

«በርሜል?» አለ ሱራፌል።

«ይግባ» አለች ሜሮን፣ «እማማ ብርቄ በመራመጃ ማለፍ አለማለፋቸው የሚታወቀው ዕቃው ካለ ነው።»

እውነቷን ነበር። በመራመጃው ልክ አንድ ሣጥን ነገር ሠርታ አልጋው አጠገብ አቆመችውና በክፍሉ ውስጥ ታንቀሳቅሰው ጀመር። ሽንት ቤቱ ሊቀጠል የሚችለው ከሆዳሙ ግድግዳ ጀርባ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ የለንም፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ የአልጋችን ራስጌ ተደግፏል። ሣጥኑ አልጋው ጥግ ሲደርስ ቀላ።

«አያልፍም ጋሼ።»

«ያልፋል።»

«ጋሼ፣ አያልፍም። አልጋውን ብናዞረው…»

«አልጋው ከዚያ አይነሣም!»

አልጋው የዋንዛ ነው፣ ስንጋባ አራት ጎረምሳ ተሸክሞት የገባ፣ ካረፈበት ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ለማንኛውም አስኮ ሄጄ የብርቄን መራመጃ በገመድ ለካሁና ቤት መጥቼ ሞከርኩት። አላለፈም። ለሜሮን ግን አልነገርኳትም፣ እሷም በሩን የት ትክፈተው፣ ሥራው እዚያ ላይ ቆመ።

እንግዲህ አሁን ወደ ነገሩ ገባሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ሄጄ ሜሮን ቤቴን ከፈተችልኝ። አሪፍ ነገር ነው መቼም፣ በበርህ ገብተህ ሳሎንህን አቋርጠህ ትሄዳለህ፣ ማውዙን የያዘችው እሷ ብትሆንም እኔ እግሬን ሁሉ እያነሣሁ ነበር። መኝታ ቤት ስንገባ በርጩማዋ መስኮቱ አጠገብ ናት። አየኋትና አለፍኩ። ስመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ ጠጋ በሉ ጠጋ በሉ እያለ ሲነዘንዘን፣ ድንገት ነገሩ ታወሰኝ፣ በርጩማዋ እኮ ቦታዋ ሳሎን ነው፣ እነ ሜሮን ሲለኩ እዚያ ነበረች፣ ትናንት ጣራው ሲያፈስብኝ ቀዳዳውን ልደፍን መስኮቱ አጠገብ አድርጌ የወጣሁባትና እዚያው የተውኳት እኔ ነኝ፣ ይሄን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ደወልኩላት። ሱራፌል ይሆናል አለች። ሱራፌል ከኋላ፣ «እኔ? በርጩማ ላንቀሳቅስ? ሥራ የለኝም?» ሲል ይሰማኛል። እሱ ደግሞ እሷ ናት አለ። አጋጣሚ ነው አልኩ እኔም፣ እጅ ተሳስቶ ነክቷት ይሆናል። ግን አልተኛልኝም፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ የተነፈሰ ጎማ ቀዳዳውን ሳላገኝ ያደርኩ ነው የመሰለኝ።

በማግስቱ ማልጄ ተነሣሁና ሰማያዊውን በርሜል ከጓዳ ጎትቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ገተርኩት። ጤነኛ ሰው በርሜል እዚያ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ነው የመረጥኩት። ቤቱን ቆለፍኩ፣ ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው አንገቴ ላይ ነው፣ ሌላ ቁልፍ የለም፣ ለማንም ምንም ሳልል በቀጥታ ዓለም ባንክ። ሜሮን ገና ቦርሳዋን እንዳስቀመጠች ደረስኩ።

«እስቲ ቤቴን ክፈችልኝ።»

«በጠዋቱ ናፈቀዎት?»

ከፈተች። በበሩ ገባን። በርሜሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሟል።

እመኑኝ፣ እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው! አረፋውን እንዳገኘሁ ሁሉ። ሜሮን ግን እጇን ከማውዙ ላይ አነሣች። ነገርኳት። ሱራፌል ሲገባ ለእሱም ነገርነው፣ እየሳቀ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ይፈልግ ጀመር።

«ካሜራው የት ነው ፋዘር? ቲክቶክ ላይ ሊያወጡን ነው አይደል?»

«የምን ቶክ?»

«እሺ፣ እንሞክረው» አለ፣ «እርስዎ ቤት ይሂዱ፣ እኛ ከፍተን እናያለን፣ በስልክ እየተነጋገርን ዕቃ ያንቀሳቅሱ።»

ሄድኩ። ስልኩን ጆሮዬና ትከሻዬ መሀል አድርጌ በርሜሉን ወደ ጓዳ ጎተትኩት፣ ወንበር ገለበጥኩ፣ ቡፌውን በጀርባዬ ገፋሁት። እዚያ ምንም የለም፣ ሁሉም ባለበት ነው ይሉኛል። ሱራፌል አሸናፊ ሆኖ ይስቃል። ይኼኔ ሜሮን፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ማን አለ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«የሚራመድ ሰው አለ እኮ። ቀጭ ይላል፣ ከዚያ እግር ይጎተታል፣ ደግሞ ቀጭ። ሱሬ፣ ይሰማሃል?»

ሱራፌል መሳቁን አቆመ። እኔ ባለሁበት ቀጥ አልኩ፣ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፣ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው እንደሚያደርገው ይንጣጣል፣ ሌላ ምንም። ግን የነገረችኝን ድምፅ አውቀዋለሁ። ብርቄ አስኮ፣ ከፀሐይ መኝታ ቤት ወደ ሳሎን ስትመጣ የምትሰማው እንዲሁ ነው፣ ቀጭ፣ ከዚያ እግሯ፣ ደግሞ ቀጭ። መራመጃው ደግሞ የኔን ቤት ወለል ረግጦ አያውቅም፣ ሜሮንም ብርቄ በመራመጃ ስትሄድ አይታ አታውቅም።

ዘጉትና እንደገና ከፈቱት። «በርሜሉ ጓዳ ገብቷል» አለችኝ፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ «ወንበሩም ተገልብጧል።»

እያዩት አይንቀሳቀስም ማለት ነው፣ ዓይን ሲነሣ ነው የሚሆነው።

ሱራፌል ኮምፒውተሩን አስመርምሮ መጣ፣ ቫይረስ የለውም አሉት፣ ሜሮን አልጋውንም በርሜሉንም እየነካች ስማቸውን፣ ከምን እንደተሠሩ፣ ቁመታቸውን አየች፣ ሁሉም እሷ እንዳስገባችው ነው፣ ቦታቸው ብቻ ይቀየራል። እኔ እንኳ ለምጄው ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር አንቀሳቅሼ እየሄድኩ ቤቴን ማየት ሱስ ሆነብኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይከነክነኝ ጀመር። በርሜሉን እኔ ጎተትኩት፣ ኮምፒውተሩ ተከተለኝ፣ ይሄ ገብቶኛል እንበል። ግን ሁልጊዜ ቤቱ ይቀድማል ያለኝ ማን ነው? አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ቢቀድምስ?

ያ ቀን መጣ፣ እንግዲህ የምነግራችሁ ዋናው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቢሮ ነበርኩ፣ ያን ቀን ቤት ውስጥ አንድም ነገር አላንቀሳቀስኩም። ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ዓለም ባንክን ባንዴ ዋጣት፣ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ ብቻ በባትሪው ያበራል፣ ከሱቁ የሚመጣው የቅባት ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ሜሮን ባትሪው ሳያልቅ አንድ ነገር ልይ ብላ ቤቴን ከፈተች። ሳሎኑ ደህና ነው። መኝታ ቤት ገባን።

አልጋው ዞሯል።

ራስጌው ከሆዳሙ ግድግዳ ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ገብቷል፣ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶውን ነው፣ እንዴት እንደሚያስቀይም ልነግራችሁ አልችልም፣ ሆዱን ገልጦ የቆመ ሰው ነው የሚመስለው።

«አዞሩት እንዴ ጋሼ?» አለችኝ ሜሮን። «ጎሽ! እኔም እኮ…»

«አላዞርኩም።»

«ታዲያ…»

«ብቻዬን ዋንዛ አልጋ አዞራለሁ እንዴ? አልነካሁትም!»

ሜሮን፣ ልጅቷ ሙያዋን ትወዳለች፣ ያንን የመራመጃ ሣጥን ይዛ አልጋው አጠገብ አቆመችው፣ ቀስ አድርጋ ነዳችው፣ አልጋውን አለፈ፣ ዞረ፣ ግድግዳው ሆድ ጋ ደረሰ። አልቀላም።

«እዚህ ጋ በር ብንከፍት ያልፋሉ» አለች በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ እማማ ብርቄ ያልፋሉ።» ይሄን ብላ ደስ ሊላት ሲል ፊቷ ተለወጠ፣ ላፕቶፑን እንደ ትኩስ ድስት ክዳን ቶሎ ዘጋችው።

ከኋላችን ቆሞ ሲያይ የነበረው ሱራፌል አብሬዎት ካልሄድኩ አለ። ከታክሲ ስንወርድ ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ ከኋላዬ ተከተለኝ። ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ መስኮቶቹ ከውስጥ ተቀርቅረዋል፣ የኋላው በር መወርወሪያው ገብቷል፣ አንድ ባንድ ነው ያየሁት። መኝታ ቤት ገባን።

ዞሯል። መስኮቱ ሥር ነው። ልክ እዚያ እንዳየነው።

ሱራፌል ተንበርክኮ ወለሉን በስልኩ መብራት ፈለገ፣ ያ አልጋ ሲሚንቶ ላይ ቢጎተት እንዴት አድርጎ እንደሚቧጥጥ መገመት አያቅታችሁም፣ አንዲት ጭረት የለም። ድሮ እግሮቹ ያረፉባቸው ቦታዎች ብቻ ነጣ ነጣ ብለው ይታያሉ። እኔ ያየሁት ግን ብርድ ልብሱን ነው። እኔ ብርድ ልብስ አላነጥፍም፣ እንደተነሣሁ ጥዬው ነው የምሄደው፣ ያን ቀን ግን ተነጥፏል፣ በግርጌ በኩል ጥግ ጥጉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቷል፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

«ፋዘር» አለ ሱራፌል፣ ከተንበረከከበት ሳይነሣ፣ «ሌላ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«ማንም ጋ።»

«እሺ» አለ። «እኔ ውጭ ልጠብቅዎት።» ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ቆመ።

ፀሐይ ጋ ደወልኩ። እናትሽስ ስላት ከምሳ ጀምሮ ተኝታ አሁን ገና መንቃቷ ነው አለችኝና ሰጠቻት።

«ደህና ነሽ ብርቄ?»

«ደህና ነኝ። ክንዴን ነው የጨመደደኝ፣ ሁለቱንም።»

«ምን ሆነሽ?»

«እንጃ፣ ተኝቼ ነበር እኮ። ደግሞ ጫማህን አውልቅ፣ ወለሉን ጭቃ አታድርገው።»

ወደ እግሬ ተመለከትኩ። ጫማዬ ከነጭቃው ነው። ዝናብ መሆኑን አስኮም ታያለች፣ ጫማ እንደማላወልቅም ዕድሜ ልኳን ታውቃለች፣ ገምታ ነው አልኩ። እናንተም ገምታ ነው በሉ፣ አልከራከራችሁም። ግን አወለቅሁት።

አልጋውን አልመለስኩትም። ግትር ነኝ፣ ሰውም ይለኛል፣ ግን ብርቄን የሚያመጣት እሱ ከሆነ መስኮቱ ሥር ይሁን። ሜሮን ፕላኑን በዚያው ጨረሰችው፣ ወረዳም ፈቀደ፣ ግንበኛ መጣና የሆዳሙን ግድግዳ ሆድ ሰንጥቆ በር ከፈተበት፣ ያ ሁሉ ዓመት የመረግነው ጭቃ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በየንብርብሩ እየተገለጠ ወደቀ። ከጀርባው በብሎኬት ሽንት ቤቱ ተሠራ፣ መቀመጫው፣ መያዣ ብረቱ፣ የሙቅ ውሃው ሳይቀር። የመግቢያው ደረጃም ተደፍኖ ጋደል ያለ መውጫ ሆነ።

ብርቄ መጣች። እንዲህ ያለ ቀን አይገኝም፣ ጎረቤቱ ሁሉ እልል ብሎ ተቀበላት፣ እሷ ግን ማንንም ሳትጠብቅ፣ ቀጭ እያለች፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ መኝታ ቤት ገብታ፣ አልጋውን በስተግራ ዞራ፣ በአዲሱ በር ቀጥ ብላ ሽንት ቤት ገባች። የት ነው አላለችም። አልጋው እንዴት እዚህ መጣ አላለችም። ሜሮንና ሱራፌል ቆመው ነበር፣ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት። «ብርቄ፣ አልጋው መዞሩን ማን ነገረሽ?»

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ቤቴ የት ምን እንዳለ በሰው ነው የሚነገረኝ?» ብርድ ልብሱን ጥግ ጥጉን ጠቀለለችና ተኛች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም፣ እሷን በበኩሏ ተኝታ ማየቱ በቃኝ፣ የክንዷም ሕመም በዚያው ጠፋ።

ወራት እንዲህ አለፉ፣ ጥሩ ወራት። ሜሮን የመጨረሻውን ፕላን ለወረዳ ታስገባ ነበርና አንድ ቀን ደወለችልኝ፣ በጋ ነው፣ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቅ ነበር፣ ብርቄ ውስጥ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

«ጋሼ፣ ፋይሉን ከፍቼው ነበር» አለችኝ። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አልጋ ቀየራችሁ እንዴ?»

«አልቀየርንም። ያው ዋንዛው ነው።»

ማውዙን ጠቅ ጠቅ ስታደርግ ይሰማኛል።

«ምነው?»

«እዚህ ያለው እሱ አይደለም። መስኮቱ ሥር ነው፣ ግን ጠባብ ነው፣ የአንድ ሰው አልጋ ነው። እኔ እንዲህ ያለ አልጋ አላስገባሁም፣ ሱራፌልም ምሎልኛል። ጋሼ፣ ደግሞ መራመጃው…»

«ዝናብ መጣ፣ ልብስ ላስገባ» አልኩና ዘጋሁባት።

ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም።

ያን ጊዜ ቤቱ ቀደመ ወይስ ኮምፒውተሩ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አልጋው ቀድሞ ዞሮ ኮምፒውተሩ ተከተለው ወይስ ኮምፒውተሩ አዞረው፣ ማወቅም የምችል አይመስለኝም። ሰፊ አልጋ ለሁለት ነው፣ ጠባብ አልጋ ለአንድ ነው፣ ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ያ አንድ ማን እንደሆነ ደግሞ ሜሮን ታውቀዋለች፣ መራመጃው እዚያ ክፍል ውስጥ ካለ ብርቄ ናት፣ ከሌለ እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀራት፣ አለ ወይም የለም። ዕድሜውን ሙሉ የማያውቀውን ነገር ሳይመረምር የማይተኛ ሰው ይሄን ቃል መስማት አቃተው ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፣ ሳቁ።

አልጋችን ዛሬም ሰፊው ነው፣ አሁን ተነሥቼ አይቼው ነው የመጣሁት። ሜሮን ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሣም። ይሄን ስጽፍላችሁ እንኳ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ነው፣ ስሟ ይታየኛል፣ ብርቄ ከመኝታ ቤት፣

«አንተ ወልዴ፣ አንሣው እንጂ!» ትለኛለች።